ግማሽ ጢም የተላጨው ጄኔራል

ጓደኛዬ ጣልያንኛ አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። ጎንደር ፒያሳ፣ ጣልያን ሠርቶት በሄደው ሲኒማ ቤት የሚታዩት ፊልሞች ደግሞ ገሚሶቹ በጣልያንኛ፣ ገሚሶቹ በእንግሊዝኛ፣ አልፎ አልፎም በሕንድኛ ነበሩ። አዳራሹን የሚሞላው ሰው አብዛኛው የሚያየውን እንጂ የሚሰማውን አይረዳም። እሱን ይህ አላስቸገረውም። ከሲኒማ ቤቱ ወጥተን ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው፣ ሸራው ላይ ያየነው ሰው ሁሉ ምን እንዳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባማርኛ ይነግረኝ ነበር።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» እለዋለሁ።

«ከአፉ አነበብኩት።»

«አፉ እኮ ሌላ ነው የሚለው።»

«አንተ ማክሰኝት ገበያ ቆመህ በሬ ስትመርጥ፣ በሬው ዕድሜውን ይነግርሃል እንዴ? አይተህ ታውቃለህ። እኔም እንዲያው ነኝ።»

ማክሰኝትን የሚያነሣብኝ የዚያ አገር ሰው ስለሆንኩ ነው። አባቴ አራሽ ነበሩ፤ ትርፍ እህልና ከብት ሲኖራቸው ማክሰኝት አውጥተው ይሸጣሉ። እሱ የቁስቋም ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ከየአገሩ የሚመጡ የቅኔ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሣር ጎጆ ቀልሰው ከእሳቸው ይማራሉ። እሱም ዜማ ተምሯል፣ ዲቁና ተቀብሏል፤ ኋላ ነው ልቡ ወደ አስኳላ የሸፈተው። አባቱ ትምህርቱን ፈቅደውለታል። ሲኒማ ቤት እንደሚገባ ግን አያውቁም። እሑድ ቅዳሴ ቀድሶ፣ ቤቱ ምሳ በልቶ፣ «ላጠና ነው» ብሎ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ነጠላውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከትና ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኛል።

የተገናኘነው ጎንደር ውስጥ የጤና ሥራ ለመማር ገብተን ነው። ጣልያን ከወጣ አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለታችንም ሃያን አልፈናል። አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ከዚያ በኋላ ወሬያችን ማቆሚያ አልነበረውም።

እንዴት ያለ ወሬ መሰላችሁ። ከአንዱ ፊልም ይጀምርና ወደ ዘፈን ይሄዳል፤ ከዘፈኑ ወደ ጠጅ ቤቱ አዝማሪ፣ ከአዝማሪው ወደ አንድ ሆዳም መምህራችን፣ ከመምህሩ ደግሞ ተመልሶ ወደ ፊልሙ። አንድ የሕንድ ፊልም ነበር፤ እናትየዋ ልጆቿን ጎርፍ ወስዶባት ወንዙ ዳር ቆማ ታዜማለች። ስለዚያ ዜማ ብቻ አንድ ወር ሳንከራከር አልቀረንም።

«አራራይ ነው» ይላል እሱ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሦስት ይከፈላል፤ ግዕዝ፣ እዝልና አራራይ። እሱ የሰማውን ሙዚቃ ሁሉ ከሦስቱ ባንዱ ካልመደበ አያርፍም።

«ትዝታ ነው። ጠጅ ቤቱ ያለው አዝማሪ በማሲንቆ ሲጫወተው ሰምቼዋለሁ» እላለሁ እኔ።

«አዝማሪው ከሕንድ ሰረቀው?»

«ሕንዷ ከአዝማሪው ሰርቃው እንደሆነስ?»

እንዲህ ስንባባል ቁስቋም ደርሰን፣ ወሬው ስላላለቀ ይመልሰኝና ተያይዘን እንወርዳለን። ታች ደርሰን ደግሞ እኔ እመልሰዋለሁ።

ሌላው የአውሬው ፊልም ነው። የድንጋይ ከሰል ከሚቆፈርበት ጉድጓድ አንድ አውሬ ይወጣል። ዓይን የለውም። እንደ ፍልፈል ነው፤ ቁመቱ ግን ከጎንደር ግንብ ይበልጣል። ሰውን የሚያገኘው በማሽተት ነው፤ አፍንጫውን እየነፋ በየቤቱ ጣራ ላይ ያነፈንፋል። አዳራሹ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ወታደሮች እንኳ ጮኸዋል። እኔ ያን ቀን አልፈራሁም ብዬ ዋሸሁት፤ እሱ ግን እጁን ይዤ እንደነበር አሳየኝ፤ የጥፍሬ ምልክት ክንዱ ላይ ነበር። በመጨረሻ አውሬውን ወደ ጉድጓዱ መልሰው አፈርና ድንጋይ ደፉበት።

«ሞተ» አልኩት።

«ተቀበረ እንጂ መቼ ሞተ? ፍልፈልን አፈር ደፍተህ ትገድለዋለህ? ቤቱ ነው እኮ።»

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን የጢም ላጩን ፊልም ነው። ላጩ ወፍራም ሰውዬ ነው። አንድ ጢማም ጄኔራል መጥቶ ይቀመጥለታል። ላጩ ግማሹን ጢም ሙልጭ አድርጎ ላጭቶ ወደ ሌላው ሲዞር መድፍ ይጮኻል፤ ጦርነት ተነሥቷል። ጄኔራሉ ፎጣውን ከአንገቱ ጥሎ ይወጣል። በቀኝ በኩል የሚያዩት ወታደሮች ሰላምታ ይሰጡታል፤ በግራ በኩል የሚያዩት ማን እንደሆነ አያውቁትም፣ አንዱ እንዲያውም በጥፊ ይለዋል። ላጩ ምላጩን ይዞ ጦር ሜዳ ድረስ ይከተለዋል። ጄኔራሉ ከሱቁ ሲወጣ ላጩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የሚናገረው ነገር አለ። በጣልያንኛ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ጓደኛዬ ግን እንዲህ ነው ያለው ብሏል፦

«ጌታዬ፣ ግማሽ ጢም ይበቃዎታል። ቀሪውን ለሰላም ጊዜ ያስቀምጡት።»

ይህችን ቃል የትም ይላታል። መምህራችን ትምህርቱን ሳይጨርስ ደወል ሲደወል፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ይላታል። ምሳ ሲጎድል ይላታል። ስንቴ እንደሰማኋት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር።

በተገናኘን በዓመቱ፣ መስከረም ሲጠባ ከደምቢያ ክፉ ወሬ መጣ። ወባ ገብቷል፤ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው ተባለ። መጀመሪያ የሚያምነው አልነበረም፤ ወባ በደምቢያ አዲስ ነገር አይደለምና። ከዚያ ወደ ከተማ የሚመጣው ሕመምተኛ በዛ፤ በቃሬዛ፣ በበቅሎ፣ በሰው ጀርባ። ትምህርቱ ቆመና እኛን ሁለት ሁለት አድርገው መደቡን። እኔና እሱ አብረን እንድንሆን ለመንን፤ ተፈቀደልን። በጭነት ማኪና ኮላ ድባ ወረድን፤ ከዚያ የመድኃኒቱን ሣጥን በበቅሎ ጭነን በእግር ወደ መንደሮቹ ገባን።

ደምቢያ ሜዳ ነው። ክረምቱን የጠገበው መረሬ አፈር እግር ይዞ አይለቅም። መጀመሪያ የደረስንበት መንደር መግቢያ ላይ ላሞች ቆመው ይጮኹ ነበር፤ የሚያልባቸው አጥተው ጡታቸው አብጧል። ውሻ አልጮኸብንም። የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸውም ትኩሳት ላይ ናቸው።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ» አልናቸው።

«ምነው ዘገያችሁ» አሉን። ቁጣ አልነበረበትም። እንዲሁ ለማወቅ የጠየቁ ይመስል ነበር።

 ያመጣነው ኪኒን የት የት እንደሚበቃ እያሰብን ነበር። ከጭቃ ሹሙ ቀጥሎ ያለው ቤት በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ገፍተን ስንገባ ባልና ሚስቱ ሞተዋል፤ የሞቱት ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ነው። በቀጣዩ ቤት አራቱም ታመው ተኝተዋል፤ ውኃ የሚያቀብላቸው የለም። የመንደሩ ዲያቆን ሞቶ ስለነበር ጓደኛዬ የመድኃኒቱን ቦርሳ ለእኔ ትቶ ከቄሱ ጋር ፍትሐት ያደርስ ጀመር። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ቆመው መጨረስ አቅቷቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ሰው ይቀበራል። ፍትሐቱን ያሳጥሩታል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ አለና።

መንገድ ላይ ግን እናወራ ነበር። ሰው ቢሰማን አብደዋል ይለን ነበር። ጭቃውን እየረገጥን፣ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ሰዓት ስንሄድ፣ ስለ ላጩ፣ ስለ ሕንዷ፣ ስለ ፍልፈሉ እናወራለን። ካየነው ቤት ወጥተን ገና አጥሩን ሳናልፍ ይጀምራል።

«ሕንዷ ግን ለምን ወንዙን ብቻ ታየዋለች? አንድ ጊዜ እንኳ ወደኛ ዞር ብትል ምን ነበረበት?»

«ካሜራ የያዘው ሰው እዚያ ስላቆማት ነው።»

«አንተ እኮ ፊልም ማየት አትችልም» ይለኛል። «ማየት የምትችለው ከብት ብቻ ነው።»

ለእኛም በየሳምንቱ የምንውጠው ኪኒን ተሰጥቶን ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተውነው። ማንም አላዘዘንም። ሣጥኑ እየጎደለ ነው፤ «ለነገ ይመጣል» ብለን የመለስናት ሴት ፊት ቆመን መዋጥ አሳፈረን። እሱ መጀመሪያ ተወ፤ እኔም አይቼው ተውኩ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ስለ ስንቱ ፊልም ስንጨቃጨቅ የነበርን ሰዎች፣ መነጋገር የነበረብንን ይህን አንድ ነገር በዝምታ አለፍነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ መንደር ውስጥ፣ ዋርካ ሥር፣ ሕዝቡን ሰብስበን ኪኒን እናድላለን። ሕፃናቱ መረራቸውና እየተፉ አስቸገሩ። እያንዳንዷ ኪኒን ነፍስ ናት፤ መሬት ላይ ስትወድቅ ያንገበግባል። ጓደኛዬ ከሣጥኑ ጥጥ አወጣና ግማሽ ፊቱ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ጄኔራሉን ሆነ። ደረቱን ነፍቶ በሕፃናቱ ፊት ተንጎማለለ፤ በጥጡ በኩል ሲዞር እኔ ሰላምታ እሰጠዋለሁ፣ በሌላው በኩል ሲዞር «ማነህ አንተ» እለዋለሁ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ሲስቅ ኪኒኗን አፉ ውስጥ ጣልኩለት፤ ዋጣት። ትልልቁም ሰው ሳቀ። እዚያ መንደር ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው እንደሆነ አላውቅም።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠጉሯን ለሐዘን ተላጭታለች። በጣም ከመሳቋ የተነሣ መቆም አቅቷት ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትንፈቀፈቅ ቆየች። ከዚያ ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ጓደኛዬ ጥጡን ከፊቱ ሳያነሣ አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

«ሸጋ ልጅ ነህ» አለችው። «ምነው ባለፈው ሳምንት በመጣህ። ሦስት ነበሩኝ። ኪኒን ባይኖርህም እኮ፣ ይህን አይተው ቢሄዱ።»

ጥጡን አነሣውና እጁ ውስጥ ጨመቀው። 

በማግሥቱ መንገድ ስንጀምር እኔ፣ ልማዴም ሳይሆን፣ «ፍልፈሉ ግን...» ብዬ ልጀምር ስል፣ «ተወኝ እባክህ» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለን ሄድን። የበቅሎዋ ኮቴ ከጭቃው ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወሬው ምን ያደርግልኝ እንደነበር የገባኝ። ዝም ስንል ያየሁት ሁሉ ይመጣብኛል፤ የተቀረቀረው በር፣ የላሞቹ ጩኸት፣ ሽታው። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም። እሱ ባይመልስልኝም ብቻዬን ማውራት ጀመርኩ። የጢም ላጩን ፊልም ከመጀመሪያው ነገርኩት። እኔ ማውራት አልችልም፤ ሁሉን አዛባሁት። ጄኔራሉን ከመድፉ በፊት ከሱቅ አስወጣሁት፤ የተላጨው በየትኛው በኩል እንደሆነ ረሳሁት። ረጅም መንገድ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«በግራ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«የተላጨው በግራ ነው። በቀኝ ካልከው እኮ ጥፊው አይመጣም።»

ከዚያ እሱ ተቀበለኝ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ግን አወራ።

አራት ወይም አምስት ቀን ቆይቶ፣ ቀትር ላይ፣ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ጫማውን ሊያወልቅ መስሎኝ ነበር። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እሱ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ሣጥኑን አውርጄ እሱን በቅሎዋ ላይ ጫንኩት። ኪኒን ሰጠሁት፤ አስታወከው። ደግሜ ሰጠሁት፤ ደግሞ አስታወከው። ሳይመሽ ኮላ ድባ ገባን። እዚያ አንድ የትምህርት ክፍል ሕመምተኛ ማቆያ ተደርጎ ነበር፤ ወለሉ ላይ ሣር ተጎዝጉዞ ሰው ተደርድሯል። ወደ ጎንደር የሚወስደው ማኪና ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ነገ ይደርሳል አሉኝ። በነጋታውም ነገ አሉኝ።

ሁለተኛው ቀን ላይ አእምሮው ይሄድና ይመለስ ጀመር። ሲመለስ ያውቀኛል። «ኪኒንህን ዋጥክ?» አለኝ አንድ ጊዜ። «ዋጥኩ» አልኩት። እውነት ነበር፤ እሱ የታመመ ዕለት ውጬአለሁ። ሲሄድ ያዜማል፤ ከቅዳሴው አንድ ሐረግ ይጀምርና ሳይጨርሰው ወደ ሕንዷ ዜማ ይገባል። አጠገቡ የተኙ ሽማግሌ «ምን ዓይነት ማኅሌት ነው ይህ» ብለው ጠየቁኝ። «የጎንደር ነው» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጧት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግሩ ላይ ስታርፍ፣ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ፤ ያወቀኝ ግን አይመስለኝም። ቀኝ እጁን በጣም በዝግታ አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ጌታዬ» አለ። ጥቂት ቆየና፣ «ግማሽ ጢም ይበቃዎታል» አለ።

እኔ ሳቅሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልማድ ሆኖብኝ ሳቅሁ። ቀሪውን እስኪጨርስ ጠበቅሁት። አልጨረሰውም።

ማኪናው ከሰዓት በኋላ መጣ። ሬሳውን ይዤ ወጣሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁስቋም ደረስን። ወሬው ቀድሞን ነበር። መሪጌታው በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በተማሪዎቻቸው መካከል ቆመው ነበር። አላለቀሱም። መጥተው በመጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ብቻውን ነበር?» ብለው ነው።

«አይደለም፣ የኔታ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

«ምን አለ?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ያዩኛል። እናቱ ከኋላ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ቆመዋል። እኔ ደግሞ የልጃቸው የመጨረሻ ቃል የሲኒማ ቀልድ ነው ማለት አልቻልኩም።

«እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጌታዬ አለ» አልኳቸው።

መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታዬ አለ» ብለው ደገሙት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሁሉም እንዲሰማ። እናቱም ተቀብለው «ጌታዬ አለ» አሉ። ከዚያ ነው ልቅሶው የተነሣው።

በአርባው ተዝካር መሪጌታው ተነሥተው ስለ ልጃቸው ሲናገሩ፣ በሞት ጣር ሆኖ ፈጣሪውን እንደጠራ ተናገሩ። ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ እንጀራዬን እቆርሳለሁ።

ሲኒማ ቤት እንደሚገባ ያወቁት በሐዘኑ ሰሞን ነው። ሊያጽናናቸው የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛችን፣ ክፋት ሳያስብ፣ «ፊልም ሲያወራ እንዴት ያስቀን ነበር» ብሎ ተናገረ።  ወር ያህል ቆይቶ፣ እሑድ መሪጌታውን ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ቤታቸው ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና፣ «ምን ነበር የሚያየው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የፍልፈሉን ጀመርኩ፣ ቢገሥጹኝ ከዚያ ይሻላል ብዬ። አልገሠጹኝም። እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ እያንዳንዱን ነገር ይጠይቁ ነበር።

«ዓይን ከሌለው ሰውን ከከብት በምን ለየ?»

«ጠረናቸውን አሽትቶ፣ የኔታ።»

«ሰውን ይበላል ወይስ ይገድላል ብቻ?»

«ሲገድል እንጂ ሲበላ አላየንም።»

«ሳይበላ የሚገድል» አሉና አሰቡ። «ልጄ ምን አለ ስለዚህ?»

«አልሞተም፣ ተቀበረ እንጂ ይል ነበር።»

ከዚያ በየእሑዱ እሄድ ነበር። በየእሑዱ አንድ ፊልም። አንድ ቀን የሕንዷን ዜማ እንዳዜምላቸው ጠየቁኝ። ድምፅ የለኝም፤ እንደምንም አንጎራጎርኩላቸው። ልጃቸው አራራይ ነው ይል እንደነበር፣ እኔ ግን ትዝታ ነው እያልኩ እንደምንከራከር ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ደግሜ እንዳዜመው አደረጉኝ።

«አራራይ አይደለም» አሉ። «ልጄ ተሳስቷል።» ከዚያ ይህን በማለታቸው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲቆጩ ዋሉ፤ «ምናልባት አንተ ስላዛባኸው ይሆናል፤ ምናልባት እሱ በትክክል ሰምቶት ይሆናል» እያሉ። እኔም «እኔ አዛብቼው ነው፣ የኔታ» አልኳቸው።

የጢም ላጩን ፊልም ግን አልነገርኳቸውም። ሌላውን ሁሉ ጨርሼ፣ ያላየሁትን ሁሉ እየፈጠርኩ ሳወራ፣ እሱን እዘለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እናቱ ሞቱ። ሲያጣጥሩ መሪጌታው አጠገባቸው ነበሩ። «እንደ ልጄ፣ ጌታዬ ብዬ ልሂድ አለች፤ ብላም ሄደች» ብለው ነገሩኝ። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ሐዘን ቢኖርም ዕረፍትም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ሳምንት ታግሼ፣ በሦስተኛው እሑድ ሄድኩ።

«የኔታ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ።»

«ተናገር።»

«ጌታዬ ማለቱ እውነት ነው። የጨረሰው ግን እንደዚያ ብሎ አይደለም።»

ፊልሙን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ጢሙን፣ መድፉን፣ ጥፊውን። ከዚያ ቃሉን። አልሳቁም። ጣታቸውን መቋሚያቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ልጄ የትኛውን ሆኖ ነው የተናገረው?» አሉ።

«ላጩን ሆኖ ነው።»

 ከጎጆዎቹ በኩል ተማሪዎቹ ቅኔ ሲቆጥሩ ይሰማ ነበር።

«እናቱ ይህን ሳትሰማ ሄደች» አሉ። «ደግ ሆነላት። ለእኔ ምነው ነገርከኝ?»

«ከበደኝ፣ የኔታ። ሁለት ዓመት ተሸከምኩት።»

«አሁን ቀለለህ?»

አልቀለለኝም። 

«በተዝካሩ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ተናግሬዋለሁ» አሉ። «ያን ሁሉ ሰው ከየት ሰብስቤ ልመልሰው?» ቁጣ አልነበረባቸውም። እንደደከመው ሰው ነበር የተናገሩት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ በኋላም መሄዴን አልተውኩም። እንደ ፊቱ ተነሥተው ይቀበሉኛል፤ የአባቴን ጤና ይጠይቁኛል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጣራው ሣር እናወራለን። ስለ ፊልም ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። አንድ ጊዜ እኔ በራሴ ልጀምር ስል እጃቸውን በትንሹ አንሥተው «ተወው» አሉኝ። በየእሑዱ ደጅ ባለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስጠብቃቸው፣ ባልተናገርኩ ኖሮ እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ መናገሬ ልክ ነበር እላለሁ። እስከ ዛሬም አንዱ ላይ አልረጋሁም።

ትምህርቴን ጨርሼ ጭልጋ ተመደብኩ። ልሰናበታቸው ስሄድ ተማሪዎች ፊታቸው ቅኔ እየነገሩ ነበር፤ እስኪጨርሱ ከኋላ ተቀመጥኩ።

«ሩቅ ነው?» አሉኝ።

«ሩቅ አይደለም፣ የኔታ።»

«ጋቢ አለህ?»

«አለኝ።»

«ሸጋ» አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ።

ጭልጋ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የመሪጌታውን መሞት የሰማሁት ከተቀበሩ ከሳምንት በኋላ፣ ከአንድ ነጋዴ አፍ ነው። ፈቃድ ጠይቄ ቁስቋም ስደርስ ቤቱ ተዘግቷል። ተማሪዎቹም ሌላ መምህር ፍለጋ ጎጃም ተሻግረዋል፤ የአንዳንዶቹ ጎጆ ሣር ገና አልተነሣም ነበር። ጥቂት ቆሜ፣ ያን ዳገት ብቻዬን ወረድኩ።